ራልፍ ያወራል፣ ጥንቸል ግን ዝም ትላለች

አንድ ጥንቸል ለካሜራ ቃለ መጠይቅ ይሰጣል። በአንድ ዓይኑ አያይም፣ ጆሮው ይጮኽበታል፣ ጀርባው በኬሚካል ተቃጥሏል። ሥራው የመዋቢያ ምርቶች መሞከሪያ መሆን ነው። አባቱም እናቱም ወንድሞቹም በዚሁ ሥራ ላይ ሞተዋል። ቅር ብሎታል ወይ? ኧረ በፍጹም! ለሰው ልጅ ከሆነ ምን ችግር አለው?

«ሴቭ ራልፍ» የተባለውን ይህን አጭር አኒሜሽን ምናልባት ስልካችሁ ላይ አይታችሁት ይሆናል። ያሠራው ሂውማን ሶሳይቲ ኢንተርናሽናል የተባለ የእንስሳት ደኅንነት ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ወጣ። ዳይሬክተሩ ስፔንሰር ሱሰር ሲሆን፣ ራልፍን በድምፅ የሚጫወተው ታይካ ዋይቲቲ ነው። ፊልሙ የተሠራው በስቶፕ ሞሽን ነው። አሻንጉሊቱን ትንሽ ያንቀሳቅሱታል፣ ፎቶ ያነሱታል፣ ደግሞ ትንሽ ያንቀሳቅሱታል። በሰከንድ 24 ምስል ብላችሁ ብታሰሉት ለ4 ደቂቃ 5,760 ምስል ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ከቤተ ሙከራ የወጣ እውነተኛ ቪዲዮ አለ አይደል? አለ፣ ግን ብዙ ሰው ገና በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ፊቱን ያዞራል። አሻንጉሊት ሲሆን እናያለን። ቀልዱ ይይዘናል፣ ስንስቅ ቆይተን ነው የሚያመን። በዚህ በኩል ፊልሙ ጎበዝ ነው፣ አልክድም። በዚያው ዓመት ሜክሲኮ የመዋቢያ ምርቶችን በእንስሳት ላይ መሞከር ስትከለክል፣ ዘመቻው ይህን ፊልም በሰፊው ተጠቅሞበታል።

ቅሬታዬ ፊልሙ ስለሚያልፈው ነገር ነው። ራልፍ ላይ የሚደረገው ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1944 በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ይሠሩ የነበሩት ጆን ድሬዝና ባልደረቦቹ አንድ ፈተና አወጡ። 0.1 ሚሊ ሊትር ንጥረ ነገር በጥንቸሏ አንድ ዓይን ውስጥ ይደረጋል፣ ሌላው ዓይን ለማነጻጸሪያ ይተዋል። ከዚያ የዓይኑ መቅላት፣ ማበጥና መደብዘዝ በነጥብ ይመዘገባል። ክትትሉ እስከ 21 ቀን ሊዘልቅ ይችላል። እንግዲህ ራልፍ መጀመሪያ ላይ አንድ ጤነኛ ዓይን የቀረው በአጋጣሚ አይመስለኝም።

ጥንቸል የተመረጠችው ዓይኗ የእኛን ስለሚመስል እንዳይመስላችሁ። ዓይኗ ትልቅ ነው፣ ለመያዝ አታስቸግርም፣ ርካሽ ናት። እንዲያውም እኛ የሌለን ሦስተኛ የዓይን ቆብ አላት። ኮርኒያዋ፣ ማለትም የዓይን የፊት ግልጽ ሽፋን፣ ከሰው ይሳሳል። እ.ኤ.አ. በ1971 ዌይልና ስካላ የተባሉ ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ንጥረ ነገሮችን ለተለያዩ ቤተ ሙከራዎች ሰጥተው ውጤቱን ሲያነጻጽሩ በጣም የተራራቀ ሆኖ አገኙት። አንዱ ክፉኛ ያቃጥላል ያለውን ሌላው ምንም አይልም ብሎታል። ስለዚህ ጥያቄው «ያሳዝናል ወይ» ብቻ አይደለም፣ «ይሠራል ወይ» ጭምር ነው። ፊልሙ ሁለተኛውን ጥያቄ አያነሳም። ከቄራ የሚመጣ የከብት ኮርኒያ፣ ወይም ከሰው ሴሎች በቤተ ሙከራ የሚበቅል ስስ ሽፋን አሁን ለዚህ ሥራ እንደሚያገለግልም አይነግራችሁም። አንድ አረፍተ ነገር ይበቃው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1980 ሄንሪ ስፓይራ የተባለ የመብት ተሟጋች ይህንኑ ፈተና በመቃወም በኒውዮርክ ታይምስ ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ አወጣ። አንድ ገጽ ወረቀት እንጂ እንቅስቃሴም ድምፅም አልነበረውም። ግን ጥያቄው ቁርጥ ያለ ነበር፤ ሬቭሎን የተባለው ኩባንያ አማራጭ ለሚፈልግ ምርምር ገንዘብ ያውጣ። ኩባንያው በመጨረሻ ለሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ 750,000 ዶላር ሰጠ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የከነከነኝ ግን ሌላ ነው፤ የራልፍ ፊት። ሲያዝን ቅንድቡ ይወርዳል፣ ሲያፍር ፈገግ ይላል። የሰው ፊት ነው፣ ጆሮ ተጨመረበት እንጂ። እውነተኛ ጥንቸል እንዲህ አታደርግም። ታዳኝ እንስሳ ናት፣ በዱር ሕመሟን ያሳየች ቀድማ ትበላለች። በጣም ካልደነገጠች በቀር ድምፅ አታሰማም።

ታዲያ ሕመሟ እንዴት ይታወቃል? እ.ኤ.አ. በ2012 ተመራማሪዎች ጆሮዋ ላይ መለያ የሚነቀስባትን ጥንቸል ፊት በፎቶና በቪዲዮ አጥንተው አንድ መለኪያ አወጡ። አምስት ነገር ታያላችሁ፤ ዓይኗ ጠበብ ብሏል ወይ፣ ጉንጯ ጠፍጥፏል ወይ፣ የአፍንጫዋ ቅርጽ ተለውጧል ወይ፣ ጢሟ ከቦታው ተንቀሳቅሷል ወይ፣ ጆሮዋ ወደ ኋላ ተጣጥፏል ወይ። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ነጥብ ትሰጣላችሁ። ለአይጥ በ2010፣ ለፈረስ በ2014 ተመሳሳይ መለኪያ ወጥቷል። ምስል ለእንስሳት ደኅንነት ሲያገለግል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። የሚያስለቅስ አይደለም፣ ግን ዓይናችሁን ያሠለጥናል።

ደግሞ የሚገርመው፣ «ሴቭ ራልፍ» ሳያስበው ወደዚህ እውነት በጣም ይጠጋል። ራልፍ ደህና ነኝ እያለ ሕመሙን ሲደብቅ ልክ እንደ ጥንቸል ነው። የፊልሙ ምርጥ ደቂቃዎችም እነዚያ ናቸው። ቤተ ሙከራው ውስጥ ሌሎቹ ጥንቸሎች «አድነን» እያሉ መጮኽ ሲጀምሩ ግን ይበላሻል። የሚጮኽ እንስሳ ለማሳዘን ቀላል ነው። የሚያስቸግረው ዝም የሚለው ነው። መንገድ ላይ ሲሚንቶ ተጭኖ ምንም ሳይል የሚሄደውን አህያ አስቡት። «ለምዶታል» እንላለን፣ ፊቱን ማንበብ ስላልተማርን።

እኔ ብሆን ያንን የመጨረሻ ትዕይንት እንዲህ አስደግመው ነበር፤ ንግግርም ሙዚቃም የለም። ካሜራው ፊቷ ላይ ይቆማል። ጠብታው ይወርዳል። ዓይኗ ቀስ ብሎ ይጠባል፣ ጆሮዋ ወደ ኋላ ይተኛል። አንድ ደቂቃ ሙሉ፣ 1,440 ምስል።