የተጠቀሰ ሁሉ የተመረመረ አይደለም፦ ስለ ረቂቅ ጥናቶችና ስለ ደጋ ነዋሪዎች ሂሞግሎቢን

የስምንት ወር ነፍሰ ጡር የሆነች እናት ከመሐል ሜዳ አካባቢ ለክትትል ወደ ጤና ተቋም መጣች እንበል። የሂሞግሎቢኗ መጠን በዴሲ ሊትር 12.5 ግራም ሆኖ ተገኘ። ይህች እናት የደም ማነስ አለባት ወይስ የለባትም? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን የምንመረኮዝበትን ጥናት እንዴት እንደምናነብ የሚፈትን ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በእርግዝና የመጨረሻዎቹ ወራት ሂሞግሎቢን ከ11 ግራም በታች ሲሆን የደም ማነስ ይባላል። ከፍ ባለ ቦታ የሚኖር ሰው አካል የኦክስጅንን እጥረት ለመቋቋም ተጨማሪ ሂሞግሎቢን ያመርታል በሚል መነሻ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከተለካው መጠን ላይ እንደየከፍታው የሚቀነስ ቁጥር አውጥቷል። በ2024 በወጣው መመሪያ መሠረት ከ3000 እስከ 3499 ሜትር ለሚኖሩ የሚቀነሰው 2.1 ግራም ሲሆን፣ ከ2000 እስከ 2499 ሜትር ለሚኖሩት ደግሞ 1.4 ግራም ነው። መሐል ሜዳ ከ3000 ሜትር በላይ ትገኛለች። የመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ ግን ከ2000 ሜትር ጥቂት ከፍ ያለች ናት። ስለዚህ ያው 12.5 በመንዝ ወደ 10.4 ወርዶ የደም ማነስ ይባላል፤ በመርሐቤቴ 11.1 ሆኖ ጤናማ ይባላል። ቅነሳው ለሀገራችን ደገኞች የማይስማማ ከሆነ ደግሞ የመንዟም እናት ጤነኛ ነች፤ የማያስፈልጋት መድኃኒት ይታዘዝላታል ማለት ነው። የሚስማማ ከሆነና እኛ ከተውነው በበኩሉ የታመመችውን እናት ጤነኛ ነሽ ብለን እንሸኛታለን።

በ2002 ሲንቲያ ቢልና የሥራ ባልደረቦቿ፣ ከእነርሱም መካከል ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ አምሃ ገብረመድኅን፣ ከሰሜን ተራሮች በ3530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ሰዎችን መርምረው አማካይ ሂሞግሎቢን ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15.0 ግራም፣ የኦክስጅን ሙሌቱም 95.3 በመቶ መሆኑን ዘገቡ። ይህ በባሕር ወለል አቅራቢያ ከሚኖሩ ሰዎች ጋር የተቀራረበ ነው። የአንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች ሂሞግሎቢናቸው ከፍ ይላል፤ የቲቤቶች ሙሌት ዝቅ ይላል፤ የእኛዎቹ ከሁለቱም ተለዩ። ይህን ጥናት ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ በአንድ የጠዋት ስብሰባ ላይ አቅርቤው ነበር። ክብደቱን ለማሳየትም በመቶዎች በሚቆጠሩ ጽሑፎች መጠቀሱን ደጋግሜ ተናገርኩ። አንድ አንጋፋ ሐኪም በጸጥታ ካዳመጡኝ በኋላ፣ «አንተ ስንት ሰው ጠቀሰው ትለኛለህ፤ እኔ የምጠይቅህ ደሙ ከማን ተቀዳ ብዬ ነው» አሉኝ። የናሙናውን ቦታ በትክክል አላስታወስኩምና አፈርኩ። ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ።

በ2012 መገባደጃ ከዚሁ የምርምር መስመር የወጣ ሌላ ጥናት በመጽሔት ከመታተሙ በፊት ረቂቁ አርካይቭ በተባለው ገጽ ላይ ለማንም ክፍት ሆኖ ቀረበ። ብዙም ሳይቆይ በዲሴምበር ፕሎስ ጄኔቲክስ አሳተመው። ጥናቱ ከደጋና ከቆላ የአማራና የኦሮሞ ተወላጆችን በማነጻጸር፣ በቲቤቶች ዘንድ ሂሞግሎቢንን የሚወስኑት የዘር ልዩነቶች በኢትዮጵያውያን ላይ ውጤት እንደሌላቸው አሳየ። በአማሮቹ ዘንድ አንድ የዲኤንኤ ነጥብ ከሂሞግሎቢን መጠን ጋር ጠንካራ ዝምድና አሳየ። ከባሌ የተመረመሩት የኦሮሞ ደገኞች ሂሞግሎቢን ደግሞ ከአማራ ደገኞች ከፍ ያለ ነበር።

የሥራው ጥንካሬ ግልጽ ነው። ደጋና ቆላን በአንድ ሕዝብ ውስጥ፣ ሁለት ሕዝቦችን ደግሞ እርስ በርስ ማነጻጸሩ «የኢትዮጵያ ደገኛ» የሚለውን ጥቅል አነጋገር አፍርሶታል። ድክመቱም እንዲሁ ሊነገር ይገባል። ለአማራ ደገኞች የቆሙት የሰሜን ተራሮች ነዋሪዎች ናቸው፤ መንዝም ግሼም በናሙናው ውስጥ የሉም። በአንድ ናሙና የተገኘ የአንድ ነጥብ ዝምድና በሌላ ናሙና እስኪደገም ድረስ በተስፋ የሚጠበቅ እንጂ የሚታመን አይደለም። ለድግግሞሹ ከመንዝና ከግሼ ደጋ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል፤ ከፍታው ተመሳሳይ ነው፣ ቋንቋው አንድ ነው፣ አጠገቡም ዝቅ ያለው መርሐቤቴ ለንጽጽር አለለት።

ረቂቅን ቀድሞ የማካፈል ልማድ በፊዚክስ ሊቃውንት ዘንድ በ1991 ተጀመረ። ለሥነ ሕይወት በ2013፣ ለሕክምና ደግሞ በ2019 የራሳቸው ገጾች ተከፈቱ። የመጽሔት ክፍያ ለማይችል የወረዳ ሐኪም ይህ ትልቅ በር ነው። አደጋውንም በኮቪድ ዘመን አየነው። በኖቬምበር 2020 አይቨርሜክቲን የኮቪድን ሞት በእጅጉ ይቀንሳል የሚል ረቂቅ ከግብፅ ወጣ። የብዙ ጥናቶችን ውጤት በሚደምሩ ትንተናዎች ውስጥ ገብቶም ድምዳሜያቸውን ወደ መድኃኒቱ አጋደለ። መረጃው አጠራጣሪ ሆኖ በጁላይ 2021 ከገጹ ሲነሣ፣ በዓለም ዙሪያ ያመኑት ሁሉ አብረውት አልተመለሱም። ይሁን እንጂ የገምጋሚዎች ማኅተም ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነም አንርሳ፤ ስለ ሃይድሮክሲክሎሮኪን በሜይ 22 ቀን 2020 በላንሴት የወጣው ጽሑፍ ከ13 ቀናት በኋላ ተሰርዟል።

ታዲያ ጽሑፍን በምን እንመዝን? ብዙዎቻችን የተጠቀሰበትን ብዛት እንመለከታለን። ዩጂን ጋርፊልድ በ1964 የጥቅሶችን ማውጫ ማሳተም ሲጀምር ዓላማው አንድ ሐሳብ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሄደ መከታተል ነበር። በ2004 ጎግል ስኮላር ቆጠራውን ለሁሉም በነጻ አደረሰው። በ2005 ሆርሄ ሂርሽ የአንድን ተመራማሪ ሥራ በአንድ ቁጥር የሚገልጽ መለኪያ አቀረበ፤ የሚገርመው ይህ መለኪያ ራሱ መጀመሪያ የወጣው በረቂቅነት መሆኑ ነው። ቆጠራው የጠቀሰው ሰው ደግፎ ይሁን ነቅፎ፣ አንብቦ ይሁን ከሌላ ቀድቶ አይለይም። የአይቨርሜክቲኑ ረቂቅም የተጠቀሰው አምነው በተቀበሉትም ስሕተቱን ባጋለጡትም ነው። የመምህራን ዕድገት ከኅትመት ጋር በተያያዘበት ሀገራችን ይህ ቁጥር ከመንገድ ጠቋሚነት አልፎ መድረሻ እንዳይሆን ያሰጋል።

ስለዚህ ረቂቅ ስናነብ የወጣበትን ቀንና የስንተኛ ጊዜ እርማት እንደሆነ እንይ፤ በኋላ ታትሞ እንደሆነም እንፈልግ። ስንጠቅስም ረቂቅ መሆኑን በግልጽ እንጻፍ። ከሁሉ በፊት ግን ደሙ ከማን እንደተቀዳ እንጠይቅ። የምናካፍለውም አይጥፋን። ኢትዮጵያ በ2019 በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ የዩኒቨርሲቲ ምርምር በብሔራዊ ማከማቻ ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ፖሊሲ አውጥታለች። በየሆስፒታሎቻችን የላቦራቶሪ መዝገብ ላይ የሂሞግሎቢን ውጤት ከነፍሰ ጡሯ ዕድሜና ቀበሌ ጋር በየቀኑ ይጻፋል። የሥነ ምግባር ፈቃድ ተገኝቶ፣ የታካሚዎች ስም ተነሥቶ፣ የብረት ክምችት ምርመራም በጥቂቱ ቢታከልበት ለመንዝ የሚስማማውን ቁጥር ለማግኘት ጥሩ ጅምር ይሆናል። እንዲህ ያለው ሥራ በረቂቅነት ቢወጣ በቶሎ ይታረማል፤ በመሳቢያ ውስጥ ቢቀር ግን ማንም አያርመውም።

እስከዚያው ድረስ በመግቢያው ያነሣናትን እናት መመሪያው በሚለው መሠረት እናክማለን፤ ለግል ግምታችን ስንል የወጣውን መመሪያ የምንጥስበት ምክንያት የለም። ነገር ግን በካርዷ ላይ የተለካውንም የተስተካከለውንም ቁጥር ጎን ለጎን እንጻፍ። ነገ ጥናቱን የሚደግም ባልደረባችን የሚፈልገው የተለካውን ነው።