ብረት ለቃሚው የሽፈራው ዘር

በብራዚል ከሸንኮራ አገዳ ጭማቂ የሚወጣው ካሻሳ የተባለ አረቄ በመዳብ ማውጫ ሲነጠር፣ መዳቡ ጠረን የሚያበላሹትን የድኝ ውህዶች ይዞ ቢያስቀርም ጥቂቱ ወደ መጠጡ ስለሚገባ፣ የአገሪቱ ደንብ በሊትር ከ5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይገድባል። እንደ እርሳስ ያለው መጠኑ እጅግ ያነሰ ብረት ግን በነበልባል ለሚሠራው አቶሚክ አብዞርብሽን፣ ማለትም አተሞች የሚውጡትን ብርሃን ለሚለካው መሣሪያ፣ አስቀድሞ ካልተጠራቀመ በቀላሉ አይታይም።

ለዚህ ማጠራቀም የተፈጨ የሽፈራው ዘር በጠባብ ቱቦ ተሞልቶ ናሙናው ሲያልፍበት፣ በፕሮቲኑ ላይ ያሉት ካርቦክሲል የተባሉ የአተም ቡድኖች ኤሌክትሪካዊ ሙል ያላቸውን የብረት አዮኖች ይይዛሉ፤ ከዚያም በቀጭን ናይትሪክ አሲድ ሲታጠብ በ100 ሚሊሊትር ተበትኖ የነበረው ብረት በ5 ሚሊሊትር ውስጥ ይሰበሰባል፤ ሙሉ በሙሉ ከተለቀቀም መጠኑ በ20 እጥፍ ጎልቶ ይነበባል። ውድ ሰው ሠራሽ ሙጫ የሚሠራውን የማጠራቀም ሥራ ከጓሮ ዛፍ የተለቀመ ዘር መወጣቱ በእጅጉ የሚያስደንቅ ነው።