ተዋበችና ጥሩወርቅ፤ አንድ ጥያቄ፣ ሁለት ፍርድ

የዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ ታሪክ ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ደጋግሞ የተቀዳ ምንጭ ነው። የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ተውኔት፣ የብርሃኑ ዘርይሁን «የቴዎድሮስ እንባ»፣ የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» ሁሉም ከቋራ ተነሥተው መቅደላ ላይ የወደቁትን ንጉሥ ማዕከል ያደረጉ ናቸው። በገዳሪፍና በወድ ኤል ሒለው ላለ አንባቢም ታሪኩ የሩቅ አይደለም። ቋራ የመተማና የገላባት ጎረቤት ናት፤ ካሣ በ1840 ዓ.ም. በግብፅ ጦር የተሸነፉበት ደባርቂም በሱዳን ምድር ነው። ሰቲት የሚባለው ወንዝ ደግሞ የደጃዝማች ውቤን ስሜን ዞሮ የመጣው ተከዜ ነው።

ዳሩ ግን በትረካዎቹ ውስጥ፣ በተለይም በቃል በሚነገረው፣ የንጉሡ ሁለት ሚስቶች የተመዘኑበት ሚዛን ሊመረመር ይገባዋል።

ተዋበች የራስ አሊ ልጅ፣ የእቴጌ መነን የልጅ ልጅ ናቸው። መነን ልጅቱን ለካሣ የዳሩት ሸፍቶ ያስቸገረውን የቋራ ሰው በዝምድና ለማሰር ነበር። ገመዱ ግን አላሰረም፤ ካሣ እንደገና ሸፈቱ፤ ሊወጓቸው ጦር መርተው የመጡትን መነንን ራሳቸውን ማረኩ። በሰኔ 1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ አማታቸውን ራስ አሊን ድል ነሱ። ተዋበች በዚህ ሁሉ መካከል ከባላቸው ጎን ቆሙ፤ ስለዚህም የታማኝነት ምሳሌ ተባሉ። በነሐሴ 1850 ዓ.ም. ሲሞቱ የንጉሡ ምሕረት አብሯቸው እንደተቀበረ እስከ ዛሬ ይነገራል።

ጥሩወርቅ የደጃዝማች ውቤ ልጅ ናቸው። አባታቸው በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ተሸንፈው ታሰሩ፤ ቴዎድሮስም ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን ዘውድ ጫኑ። ጥሩወርቅ አባታቸውን ያሰረውን ሰው አገቡ። እንደሚነገረው ንጉሡ ሲገቡ ከዳዊታቸው ቀና ሳይሉ ቀሩ። ትረካውም ኩሩ፣ ቀዝቃዛ፣ ባልን የናቀች ብሎ ፈረደባቸው።

ሁለቱ ሴቶች የተጠየቁት ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ አባት ወይስ ባል? አንዷ ባሏን መረጠች፤ ተመሰገነች። ሌላዋ የአባቷን ሰንሰለት አልረሳችም፤ ተወገዘች። ምስጋናውም ወቀሳውም ከንጉሡ ዙፋን ሥር ቆሞ የተሰጠ ፍርድ ነው። ዜና መዋዕሎቹ የንጉሡ ዜና መዋዕሎች ናቸውና ይህ ባያስደንቅም፣ የዘመኑ ደራሲ ያንኑ ሚዛን ሳይፈትሽ ሲረከብ ያጎድላል። የመነን ዕጣም ከዚህ አይለይም። ደምቢያን የገዙና ጦር የመሩ ሴት፣ በትረካው ውስጥ አማችን የሚያንቋሽሹ ክፉ አያት ብቻ ሆነው ይቀራሉ።

ሚዛኑ የአገራችን ብቻ አይደለም። ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1809 ኦስትሪያን ካሸነፈ በኋላ በ1810 የንጉሠ ነገሥቷን ልጅ ማሪ ሉዊዝን አገባ። በ1814 ሲወድቅ እርሷ ወደ ግዞቱ አልተከተለችውም፤ ወደ አባቷ ተመለሰች። ብዙ ፈረንሳውያንም ከዳተኛ አሏት። ለሰላም ዋጋ የተሰጠች የተሸናፊ ልጅ ለአሸናፊው ፍቅር ዕዳ አለባት ወይ ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። ልጇ ከአባቱ ተለይቶ በአያቱ ቤተ መንግሥት አድጎ በ1832 በ21 ዓመቱ ሞተ።

የጥሩወርቅ ዕጣ ከዚህም ከፋ። መቅደላ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ከወደቀች በኋላ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲጓዙ በወሩ በትግራይ ምድር አረፉ። የሰባት ዓመቱ ልጃቸው ዓለማየሁ ባሕር ተሻግሮ ሄደ፤ በኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ በእንግሊዝ ሞቶ በዊንዘር ተቀበረ። አፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2023 አልተቀበለውም።

ስለዚህ ወደ መቅደላ የሚመለስ ደራሲ ብዕሩን ከዙፋኑ ሥር ማንሣት ይጠበቅበታል። ተዋበችን ከታማኝነቷ ባሻገር አባቷ ድል በተመታበት ቀን፣ ጥሩወርቅንም ከኩራቷ ባሻገር በአባቷ እስር ዘመን ሊያያቸው ይገባል። ይህ የቴዎድሮስን ታላቅነት አይቀንስም፤ የታላቅነታቸውን ዋጋ ማን እንደከፈለ ግን ያሳያል።