ፎቶግራፍ የዋጣት ተከላካይ

ብራንዲ ቻስቴይን ሲባል ተጫዋቿ ሳትሆን ፎቶግራፏ ነው ትዝ የሚለን። ተንበርክካ፣ ማሊያዋን አውልቃ በእጇ ጨብጣ፣ በጡት መያዣ ብቻ ሆና በደስታ የምትጮህ አሜሪካዊት። ቀኑ እ.ኤ.አ. ጁላይ 10 ቀን 1999፣ ቦታው ካሊፎርኒያ፣ ሮዝ ቦውል ስታዲየም፣ ተመልካቹ 90,185። ለሴቶች የዓለም ዋንጫ ፍፃሜ የቀረቡት አሜሪካና ቻይና 120 ደቂቃ ተጫውተው 0 ለ 0 ወጡ፤ በመለያ ምት አሜሪካ 5 ለ 4 አሸነፈች። የመጨረሻዋን ምት ያስቆጠረችው ቻስቴይን ናት።

ስፖርትስ ኢላስትሬትድና ኒውስዊክ ሽፋናቸውን ሰጧት። ወዲያውም ክርክሩ ቀጠለ፤ ነፃነት ነው ያለ አለ፣ ብልግና ነው ያለ አለ፣ ማስታወቂያ ነው ያለም አልጠፋም። ወንዶቹ ግን ግብ ባገቡ ቁጥር ማሊያ ሲያወልቁ ነው የኖሩት፤ ሕጉ እንኳ ለዚህ የግድ ቢጫ ካርድ ይሰጥ ያለው ገና በ2004 ነው።

የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የልብ ወለዱን የመጨረሻ ምዕራፍ ብቻ አንብበው ለፈተና የሚቀመጡ ተማሪዎች ነበሩኝ። ማን እንደሞተ ያውቃሉ፤ ለምን ሲባሉ ጭጭ! ይህችንም ሴት ያነበብናት እንዲሁ ነው።

ከፍፃሜው ዘጠኝ ቀን በፊት፣ ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሩብ ፍፃሜው ከጀርመን ጋር ነበር። ገና በ5ኛው ደቂቃ ቻስቴይን ኳሷን ለግብ ጠባቂዋ ለብሪያና ስከሪ መለሰች። ስከሪ ግን ግቡን ለቃ ወጥታለች። ኳሷ ተንከባላ ገባች፤ በገዛ መረባቸው! አጥቂ አሥር ኳስ ስቶ አንዷን ካገባ ጀግና ይባላል። ተከላካይ ግን ሰማንያ ዘጠኙን ደቂቃ በደህና ሠርቶ በአንዷ ይወቀሳል፤ ወጥ ሠሪ ስሟ የሚነሳው ወጡ ያረረ ዕለት እንደሆነው ማለት ነው። ቻስቴይን አንገቷን ደፍታ አልቀረችም። ከዕረፍት መልስ፣ በ49ኛው ደቂቃ፣ ራሷ አግብታ 2 ለ 2 አደረገች፤ ቡድኗም 3 ለ 2 አሸነፈ። የታሪኩ ጡዘት ለእኔ እዚህ ላይ ነው እንጂ ሮዝ ቦውል አይደለም።

ደግሞም ስትጀምር ተከላካይ አልነበረችም። በ1991 ሜክሲኮ ላይ ተቀይራ ገብታ አምስት ግብ ያስቆጠረች አጥቂ ነበረች። ከዚያ ከብሔራዊ ቡድኑ ራቀች፤ የ1995ቱ የዓለም ዋንጫም አመለጣት። ስትመለስ የተሰጣት ቦታ ኋላ ነው። ተቀበለችው። በ1996 አትላንታ ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ፣ በ2004 አቴንስ ላይ ሌላ ወርቅ፤ በጠቅላላው 192 ጨዋታና 30 ግብ። ያቺ ዝነኛ ምት እንኳ የራሷ ጣጣ ነበረባት። አሰልጣኙ ቶኒ ዲቺኮ በግራሽ ምቺ ብለዋት ነው ከለመደችው ከቀኝ እግሯ ይልቅ በግራዋ የመታችው።

በ2004 ያወጣችው መጽሐፍ ርዕሱ በአማርኛ «ነገሩ ስለ ጡት መያዣው አይደለም» እንደማለት ነው። ምፀቱን ልብ በሉልኝ፤ አይደለም ለማለት እንኳ ቃሉን ሽፋኑ ላይ ማስፈር ነበረባት።

የተከላካይ ሥራ ግማሹ በቴስታ ነው። በ2016 ቻስቴይን ከሞተች በኋላ አንጎሏ ለቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዲሰጥ ቃል ገባች፤ በጭንቅላት ላይ የሚደጋገም ግጭት የሚያደርሰውን ጉዳት እንዲያጠኑበት። ከ14 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በቴስታ እንዳይጫወቱም ስትወተውት ቆይታለች። ይህን ካነበብኩ በኋላ ያንን ፎቶግራፍ ፈልጌ እንደገና አየሁት። በዚህኛው ጊዜ ያየሁት ግንባሯን ነው።