ጋሪውና ጎታቹ፦ የላዎ ሼ «ግመሉ ሲያንግዚ» ሲዳሰስ

እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1937 በመጽሔት በተከታታይ የወጣው «ግመሉ ሲያንግዚ» 24 ምዕራፎች ያሉት የቻይናዊው ላዎ ሼ ልቦለድ ነው። መቼቱ የ1920ዎቹ ቤይጂንግ ነው። ከገጠር የመጣው ወላጅ አልባ ወጣት ሲያንግዚ ሕልሙ አንድ ብቻ ነው፤ ሰው የሚጎትተውን ባለሁለት ጎማ ጋሪ፣ ሪክሾን፣ የራሱ ማድረግ።

ደራሲው ዋናውን ገጸ ባሕርይ ከማስተዋወቁ በፊት የሙያውን እርከኖች ያሳያል። ጉልበታም ወጣቶች ያማረ ሪክሾ ተከራይተው ይሮጣሉ፤ ወይም በወር ደመወዝ የአንድ ቤት ጎታች ይሆናሉ። አርባን ያለፉትና ሃያ ያልሞላቸው ባረጀ ጋሪ፣ በርካሽ ዋጋ ይሠራሉ። በኤምባሲዎች ሰፈር የሚሠሩት ደግሞ የውጭ ቋንቋ ይሞክራሉ። ይህ ተራ መረጃ የሚመስል መግቢያ ብልህ ንግር ነው፤ ሲያንግዚ በኋላ እነዚህን እርከኖች ቁልቁል ይወርዳቸዋልና።

ሴራው የተዋቀረው በሪክሾው መገኘትና መጥፋት ላይ ነው። ሲያንግዚ ሦስት ዓመት ቆጥቦ በ96 ዩዋን የገዛውን ወታደሮች ይቀሙታል። እሱንም ከያዙት ከእነዚሁ ወታደሮች ሲያመልጥ ይዟቸው የወጣውን ሦስት ግመሎች በ35 ዩዋን ይሸጣል፤ ቅጽል ስሙም ከዚያ ይመጣል። ዳግመኛ ያጠራቀመውን አንድ መርማሪ ይዘርፈዋል። በሚስቱ ገንዘብ የተገዛው ያገለገለ ሪክሾም እሷ በወሊድ ስትሞት ለቀብሯ ይሸጣል። ገንዘቡ በዩዋን እየተሰላ ስለሚተረክ አንባቢው የእያንዳንዱን ኪሳራ ክብደት ያውቀዋል።

የቋንቋው ብርታት በ18ኛው ምዕራፍ ጎልቶ ይታያል። ከሚያቃጥል ፀሐይ በኋላ ዶፍ ይወርዳል። ሲያንግዚ እንጠለል ቢል ተሳፋሪው እግሩን እየመታ ያጣድፈዋል፤ ያ ዝናብም ሕመም ላይ ይጥለዋል። ድህነት እዚህ በስብከት ሳይሆን በገላ ላይ ተጽፏል።

ሁለት ጉድለቶች ግን ሊታለፉ አይገባም። የመጀመሪያው የሚስቱ የሁኒዩ አሳሳል ነው። አንጻሩ ለባሏ ቅሬታ ስለሚያደላ፣ የአባቷን ሪክሾ ማከራያ ስታስተዳድር ወጣትነቷን የጨረሰችው ሴት ከተንኮሏ ባሻገር እምብዛም አትታይም። ሁለተኛው መደምደሚያው ነው። ተራኪው በመጨረሻ ሲያንግዚን ለራሱ ብቻ በመኖር ይወቅሰዋል። ሐሳቡ መሠረት አለው፤ ነገር ግን አንድ ሽማግሌ ጎታች ቀደም ሲል ብቻውን ያለ አንበጣ በክር እንደሚታሰር፣ መንጋው ግን ማሳ እንደሚያጠፋ ሲናገር በበለጠ ውበት ተገልጿል። ያም ሆኖ መደምደሚያውን መገልበጥ መፍትሔ አልነበረም። የ1945ቱ የእንግሊዝኛ ትርጉም ፍጻሜውን ደስታ በማድረጉ ድርሰቱን አጥንት አልባ አድርጎታል።

እነዚህ እንከኖች የድርሰቱን ልዕልና አይሽሩትም። የሰው ጋሪ እየጎተቱ ገቢ ማስገባት ሰውን ምን እንደሚያደርገው እንዲህ በተጠና መዋቅር ያሳየ ልቦለድ ጥቂት ነው። የሠራተኛን ኑሮ ለመጻፍ የሚነሣ ደራሲ በቅድሚያ ሊያጠናው የሚገባ ሥራ ነው።