ዝም ማለት

እንግሊዝኛ «ጮክ ብሎ» ለማለት «ላውድ» ላይ «ሊ» ይቀጥላል። ቅጥያዋ በጥንቱ እንግሊዝኛ «አካል» ከሚል ቃል የወረደች ናት። እኛ ዘንድ ይህን ሥራ የሚሠራው «ማለት» ነው፤ ቀስ ብሎ፣ ቀጥ ብሎ፣ ጮክ ብሎ።

ጥበቡ የሚገርመው የሚናገር ሰው በሌለበት ነው። አማርኛ ዝም አለ፣ ትግርኛ ስቕ በለ፣ ኦሮምኛ ጨል ጄዼ ይላል። ወላይታ ሶዶ ላይ ደግሞ ጮኡ ጊስ፤ «ጊስ» በወላይትኛ «አለ» ነው። ከ«ጮ» በኋላ ጉሮሮ ላይ የሚቋረጠውን ድምፅ ወላይታዎች በላቲን ሲጽፉ በ7 ቁጥር ያስቀምጡታል፤ ደፋር ምርጫ ነው፣ እኔ ወድጄዋለሁ። አራቱም ቋንቋዎች ዝም ያለውን ሰው «አለ» ይሉታል።

ቅርጹን ጠጋ ብለን ብናየው ስፌቱ እጅግ ረቂቅ ነው። «ገመዱ ተበጠሰ» ወሬ ነው። «ብጥስ አለ» ሲባል ግን ድንገቱ ይሰማል፤ ሦስቱ የሥር ፊደላት ሳይለወጡ አናባቢው አጥሮ፣ ተነባቢው ጠብቋል። «ቅጠሉን በጠስ አድርጊና አምጪ» ስንል ደግሞ ያው ሥር መካከሉ ላልቶ፣ እጁም ለስልሶ፣ ጥቂት ብቻ ይነካል። መጥበቅና መላላትን የማይጽፈው ፊደላችን የዚህን ሥራ ግማሽ ለአንባቢው ጆሮ ይተዋል። በራሱ የሆነው «አለ»፣ በሌላ እጅ የሆነው «አደረገ» ይወስዳል።

ወላይትኛም ድምፅ-አስመሳይ ቃላቱን ከ«ማለት» ጋር እያጣመረ ግስ ይሠራል። የቋንቋ ተመራማሪዋ አዜብ አምሃ በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት ያየችው ይህንኑ ነው። ሁለቱን ቋንቋዎች ያገናኛቸው የቅርብ ዘመድነት አይደለም፤ አማርኛ ሴማዊ፣ ወላይትኛ ኦሟዊ ነው። ጉርብትና ነው። የቋንቋ ተመራማሪው ቻርልስ ፈርጉሰን በ1976 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ቋንቋዎች የሚጋሯቸውን ጠባዮች ሲዘረዝር ይህን ጥምር ግስ ከነሱ ቆጥሮታል። አማርኛ ከኩሻዊ ጎረቤቶቹ እንደወሰደው የሚገምቱ ብዙ ናቸው፤ እኔም አምናቸዋለሁ። ግእዝ ዝም ላለው ሰው «አርመመ» የሚል አንድ ግስ ነበረው። አማርኛ «አርምሞ»ን ለሊቃውንቱ ትቶ፣ ለቤቱና ለገበያው ከጎረቤቶቹ ጋር «ዝም አለ»ን መረጠ።