የአንኮበር ሥዕልና የባቡር መስኮት

የመንገደኛ መጽሐፍ በሚመረመርበት ጊዜ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ጸሓፊው ምን አየ የሚለው አይደለም፤ የት ቆመ የሚለው ነው። ይህም ነገር ስለ ሸዋ በተጻፉትና በተሣሉት መጻሕፍት ከሌላው ይልቅ ተገልጦ ይታያል፤ ከባሕር ወደ ሸዋ የሚያወጣው መንገድ ሰማንያ ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ከአንኮበር ወደ ድሬዳዋ ዞሯልና። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

በፊት የሸዋ በር አንኮበር ነበረች። ከታጁራ የተነሣ ሲራራ የአሳልን የጨው ባሕር አልፎ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ አዋሽን ተሻግሮ በፋሬ በኩል ወደ አልዩ አምባ ገበያ ይደርስ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያለው አቀበት ነው። በ1841 ከቦምባይ የተላከው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሻምበል ዊልያም ኮርንዋሊስ ሐሪስ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የወጣው በዚሁ መንገድ ነው። ከጓዙም ጋር ዮሐን ማርቲን በርናትዝ የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊ ነበረ። ይህ ሰው አስቀድሞ ቅድስት አገርን ዞሮ የሣለ ነው፤ ስለዚህ እጁ ለተራራና ለጥንታዊ ከተማ እንግዳ አልነበረም። ከታጁራ እስከ ሸዋ የሣለው በ1852 በሁለት ክፍል ታተመ፤ የፊተኛው ክፍል ስለ ቈላው፣ የኋለኛው ስለ ደጋው ነው።

ይህ አከፋፈል የአታሚ ዘዴ ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር መጽሐፉን ከመጨረሻው ጀምሮ ይመልከት። ደጋው ቀድሞ ሲታይ አንድ ያማረ አገር ብቻ ነው፤ ከአሳልና ከበረሃው በኋላ ሲታይ ግን አንኮበር የተደረሰባት ከተማ ትሆናለች። ተመልካቹ ቅጠሉን በገለጠ ቍጥር መንገደኛው እንደ ወጣ ይወጣል። መንገዱም በዋጋ የተገዛ ነበር፤ ጉንጉንተ በተባለው ስፍራ ባደሩበት ሌሊት ከመልእክተኞቹ ወገን ሦስት ሰዎች ተገድለዋል። ሐሪስ ራሱ በ1844 ባሳተመው በሦስት ቅጽ መጽሐፍ ይህን ሁሉ ጽፎታል፤ ዳሩ ግን ቃሉ እጅግ ያጌጠና የተነፋ ስለ ሆነ አንባቢው አገሩን ከማየቱ በፊት ጸሓፊውን ያያል። ከእርሱ በኋላ በዚያው መንገድ የመጣው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን በዚያው ዓመት ባወጣው መጽሐፍ ነቅፎታል። የበርናትዝ ሥዕል ከአለቃው ቃል ይልቅ የታገሠ ነው። ሆኖም በርናትዝም ነፃ ዐይን ነበረው ማለት አይቻልም። የመጣው ውል ሊዋዋል ከመጣ መልእክተኛ ጋር ነው፤ ውሉም በኅዳር 1841 ተፈርሟል። ስለዚህ የንጉሡ ችሎት በሥዕሉ ውስጥ ታላቅ ስፍራ አለው፤ የአርሶ አደሩ ጓዳ ግን በዚያ መጠን አይታይም።

መቆም ብቻውን ማየት እንዳልሆነም ሌላ ምስክር አለ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ በ1883 በሐረር ፎቶግራፍ ያነሣ ነበር፤ መሣሪያውን ግን በ1885 ሸጠው። በሚቀጥለው ዓመት ለምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ ጭኖ ከታጁራ ተነሣ፤ አንኮበርም የደረሰ በየካቲት 1887 ነው። ንጉሡን ግን በዚያ አላገኘውም፤ እንጦጦ ድረስ መሄድ ግድ ሆነበት። በዚያው ዓመት በካይሮ ጋዜጣ ያወጣው ጽሑፍ ስለ መንገድ፣ ስለ ንግድና ስለ ፖለቲካ ብዙ ይናገራል። አንኮበር ግን በዚያ ጽሑፍ የሒሳብ ማረፊያ ናት እንጂ ከተማ አይደለችም። ወራት በመንገድ ያሳለፈ ባለቅኔ እንዲህ ከጻፈ፣ በባቡር ለሚያልፈው ምን ሊባል ነው?

የባቡሩ ውል በ1894 ተሰጠ፤ ሐዲዱ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ በሌሊት አይጓዝም ነበርና መንገደኛው በድሬዳዋና በአዋሽ ያድር ነበር። ከዚህ ወዲህ የእንግዳው ፎቶግራፍ የሚነሣበትን ስፍራ የመረጠው ዐይን አይደለም፤ የእንፋሎቱ ሞተር ውሃ የሚቀዳበት ጣቢያ ነው። ከጣቢያው አጥር አጠገብ የቆመው ሰው «የአገሩ ሰው» ተብሎ ይነሣል፤ ቤቱና እርሻው ግን በሥዕሉ የሉም። በ1930 ለንግሥ በዓል በዚሁ ባቡር የመጣው እንግሊዛዊ ጸሓፊ ኢቭሊን ዎ በሚቀጥለው ዓመት መጽሐፍ አወጣ። ብዕሩ የተሳለ ነው፤ ነገር ግን ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ላለው አገር የሰጠው ጥቂት ገጽ ብቻ ነው። በርናትዝ ግማሹን መጽሐፍ የሰጠው ቈላ ለዎ በመስኮት የሚያልፍ ነገር ሆነ። ነቀፋው ለሰውየው ብቻ ሊሆን አይገባም፤ ለመቀመጫውም ነው።

ባቡር ለማየት ሲባል ሊቆም አይችልም የሚል ቢኖር ከምጽዋ ወደ አስመራ የሚያወጣውን ሐዲድ ያስታውስ። ያ ሐዲድ ከታደሰ በኋላ ለጎብኚዎች በሚደረገው ጉዞ የእንፋሎቱ ባቡር በገደሉ መካከል እየቆመ መንገደኛውን ያወርድ ነበር፤ ወደ ኋላም ተመልሶ ጭሱን እያወጣ ደግሞ ይመጣል። ግሩም ትርኢት ነው። ግን ሁሉም ካሜራውን የሚያነጣጥረው በባቡሩ ላይ ነው፤ ተራራው ከኋላ የተሰቀለ መጋረጃ ይሆናል። እንዲህ ያለው መቆም በጣቢያ ከመቆም ብዙ አይሻልም።

አንኮበር ግን ከሐዲዱ ውጭ ቀረች። ዛሬ ወደ እርስዋ የሚሄደው ሰው ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደብረ ብርሃን ይደርሳል፤ ከዚያ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል። የሚደርስባትም ከደጋው ወገን ነው፤ የጥንቱ መንገደኛ ወደ ላይ ቀና ብሎ ያያት ከተማ ለእርሱ ወደ ታች የሚመለከትባት ሰገነት ሆናለች። መኪናው በገደሉ አፋፍ ይቆማል፤ ጭላዳው ይነሣል፤ ቈላው ይነሣል፤ መኪናው ይመለሳል። ብዙ ጊዜም ከቈላው ጉም ይነሣና ሁሉን ይሸፍናል፤ አንድ ሰዓት ብቻ ያለው ሰው ጉሙን አንሥቶ ይሄዳል። በርናትዝ ክረምትንም በጋንም በዚያ አሳልፏል።

ከአገሩ ልጆች ካሜራ የያዘ ሰው ይህን ሥራ እንደ ገና ሊጀምር ቢወድ፣ መነሻው አፋፉ ሳይሆን ፋሬ ይሁን። በገበያ ቀን በአልዩ አምባ ይዋል፤ ከገበያተኛው ጋር በእግሩ ይውጣ፤ ጉሙ ቢያገኘውም ተቀምጦ ይጠብቅ። የሚያነሣውንም ሰው ስሙን ይጠይቀውና ከሥዕሉ በታች ይጻፈው።